የውሃ ሽታ የሆነው ፓኬት

ጥምቀት ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ስልኬ አላስቀምጥ አለኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ የአንድ ሆቴል ኔትወርክ እከታተላለሁ። ቋሚ ሠራተኛ አይደለሁም። ሲበላሽ ይደውላሉ፣ ሄጄ አያለሁ። በዚያ ሰሞን ግን በየቀኑ ሆነ። «ሦስተኛ ፎቅ ዋይፋይ የለም።» ባጃጅ ይዤ እደርሳለሁ። ዋይፋዩ አለ። እንግዶቹ ተጋድመው ቪዲዮ ያያሉ።

ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ያዙኝና «ልጄ፣ አንተ ስትመጣ ይሠራል፣ ስትሄድ ይጠፋል። ምንድን ነው ይሄ ነገር?» አሉኝ። እኔም የሙያ አጋሮቼ ሁሉ የሚያደርጉትን አደረግሁ። ጣቴን ወደ ውጭ ቀሰርኩ። «መስመሩ ነው ጋሼ፣ ከአቅራቢው ነው።» እሳቸውም ደወሉ። አቅራቢው ደግሞ «በእኛ በኩል ሰላም ነው፣ የውስጥ መስመራችሁን አስፈትሹ» አላቸው። ስልኩን ዘግተው እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም። ባይናገሩም ገብቶኛል።

ለጥምቀት ክፍሎቹ በሙሉ ተይዘዋል። ማስረጃ ያስፈልገኝ ነበር።

ሐሳቤ ቀላል ነው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ይቀመጣል። በየ10 ሰከንዱ ሦስት አድራሻዎችን «አለህ?» ይላል፦ ራውተሩን፣ የሦስተኛ ፎቁን አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ሣጥን)፣ ከዚያ ደግሞ ውጭ ያለ አንድ አድራሻ። ማን መቼ እንዳልመለሰ ይመዘግባል። ራውተሩ እየመለሰ የውጭው ዝም ካለ ጣቴን ወደ ውጭ በኩራት እቀስራለሁ። አክሰስ ፖይንቱ ብቻ ዝም ካለ ግን ጉዱ እቤት ነው።

መጀመሪያ አቋራጭ ሞከርኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው። አብሮት የሚመጣውን ፒንግ፣ ያንን «አለህ?» የሚል ፕሮግራም፣ ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ እየጠራሁ የሚያወጣውን ጽሑፍ አነብ ነበር። ለሙከራ የአክሰስ ፖይንቱን ገመድ ነቀልኩ። ስክሪፕቴ (የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም) «ደህና ነው» አለ። ደገምኩት። «ደህና ነው።» ዝርዝሩን ሳየው፣ ለካ ዊንዶውስ «አድራሻው ሊደረስበት አልቻለም» የሚለውን መልእክት ራሱን እንደ መልስ ቆጥሮታል። 4 ተልኮ 4 ተመለሰ፣ የጠፋ 0። መላሹ ግን አክሰስ ፖይንቱ አይደለም። ያው ጠያቂው ኮምፒውተር ነው፣ ለራሱ የመለሰው። ሰውየው ቤት ደውላችሁ የቤት ሠራተኛዋ «የሉም» ስትላችሁ «አግኝቻቸዋለሁ» ብሎ እንደ መመዝገብ ነው።

ጽሑፉን በደንብ አጣርቼ ባነብ ይበቃኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ግን እልህ ያዘኝ። ፒንግ የሚልከውን ፓኬት፣ ያቺን ትንሽ የመረጃ እሽግ፣ ራሴ ልሠራው አልኩ። ሁለት ቀን ይፈጃል ያልኩት ሳምንት ፈጀ። እናንተም እልህ ከያዛችሁ፣ ቢያንስ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ የት እንዳለ እወቁት።

ፒንግ የሚልከው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ጠቅላላ ሄደሩ፣ ማለትም የፓኬቱ ራስጌ፣ 8 ባይት ነው። የመጀመሪያው ባይት ዓይነቱ ነው፦ 8 ከሆነ ጥያቄ፣ 0 ከሆነ መልስ። ሁለተኛው ባይት ኮድ ይባላል፤ ለፒንግ ሁልጊዜ 0 ነው። ቀጥሎ 2 ባይት ቼክሰም፣ ፓኬቱ መንገድ ላይ አለመበላሸቱ የሚጣራበት ቁጥር። ቀጥሎ 2 ባይት መለያ ቁጥር፣ «ይህ ጥያቄ የኔ ነው» የምትሉበት። መጨረሻ 2 ባይት ተራ ቁጥር። ከኋላው የፈለጋችሁትን ጽሑፍ ልትጭኑበት ትችላላችሁ። ተቀባዩ ዓይነቱን ከ8 ወደ 0 ይለውጣል፣ ቼክሰሙን ያስተካክላል፣ የቀረውን እንዳለ ይመልስላችኋል። በቃ። ይህ ሁሉ ጆን ፖስቴል በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ አርኤፍሲ 792 በሚባለው የኢንተርኔት ሰነድ ላይ ተጽፏል። ፒንግ የሚባለውን ፕሮግራም ደግሞ ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ በዲሴምበር 1983 ጻፈው። ስሙን ያወጣለት ሰርጓጅ መርከብን ፈልጎ ከሚያገኘው የሶናር ድምፅ ነው። ድምፁን ትለቃለህ፣ ተመልሶ ሲመጣ ትሰማለህ።

ብዙ ሰው «ፒንግ በስንት ቁጥር ፖርት ነው የሚሄደው?» ይላል። ፖርት የለውም። ፖርት (የፕሮግራም በር ቁጥር) የሚጠቀሙት ቲሲፒም ዩዲፒም አይደለም። አይሲኤምፒ ነው፤ ፓኬትን ከአድራሻ ወደ አድራሻ በሚያደርሰው በአይፒ ላይ በቀጥታ የሚጫን፣ የፕሮቶኮል ቁጥሩ 1 የሆነ። ስለዚህ በፓይተን የተለመደው ሶኬት፣ ፕሮግራም ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገርበት በር፣ አያገለግልም። ፓኬቱን በእጃችሁ የምትሠሩበት ሮው ሶኬት ነው የምትከፍቱት። (ሶኬት ስል የግድግዳውን ማለቴ አይደለም። ወደ ግድግዳው ግን እንመለሳለን።)

ሮው ሶኬት ስከፍት የላፕቶፑ ሊነክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ስርዓተ ክወና ነው) «አልተፈቀደልህም» አለኝ። ትክክል ነው። በሮው ሶኬት የሌላውንም አይሲኤምፒ ማየት ይቻላል፣ ስለዚህ ሩት፣ የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን፣ መሆን ይጠይቃል። ሱዶ በሚባለው ትእዛዝ የሩትን ሥልጣን ይዤ አስነሳሁት። አንዳንዱ ሰው ፈቃዱን ለፓይተን ለራሱ ሰጥቶ ይገላገላል። እኔ አልወደውም። ያን ጊዜ በማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም የፓይተን ስክሪፕት ያንን መብት ያገኛል።

ሄደሩን ለመሥራት ስትራክት የሚባል ሞጁል አለ። ቁጥሮቻችሁን ትሰጡታላችሁ፣ ባይት አድርጎ ያሽግላችኋል። ሁለት ባለ 1 ባይት፣ ሦስት ባለ 2 ባይት ቁጥሮች ብላችሁ ቅርጹን ትነግሩታላችሁ። ከቅርጹ ፊት ደግሞ አንድ ቃለ አጋኖ ይገባል። ይቺን ቃለ አጋኖ ያዙልኝ።

አሁን ቼክሰም። የሚያስፈራው እሱ ነው፣ ግን ሒሳቡ የገበያ ሒሳብ ነው። ባይቶቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ እንደ አንድ ቁጥር ታነባላችሁ፤ ፊተኛውን በ256 አባዝቶ ኋለኛውን መደመር ማለት ነው። ሁሉንም ትደምራላችሁ። የቼክሰሙ ቦታ ለጊዜው 0 ይሁን። ድምሩን ከ65535 ላይ ትቀንሳላችሁ። የቀረው ቼክሰማችሁ ነው።

በራሴ ፓኬት ላሳያችሁ። መለያ ቁጥሩን 1636 አደረግሁት። ለምን ብትሉ፣ አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፤ አልረሳውም። ተራ ቁጥሩ 1። ዓይነት 8 እና ኮድ 0 አብረው ሲነበቡ 8 በ256፣ ማለትም 2048። ስለዚህ 2048 ሲደመር 0 ሲደመር 1636 ሲደመር 1፣ 3685 ይሆናል። 65535 ሲቀነስ 3685፣ 61850። ይህን ወደ ሁለት ባይት ስትመልሱት 241 እና 154 ነው። ሙሉ ፓኬቱ እንግዲህ 8፣ 0፣ 241፣ 154፣ 6፣ 100፣ 0፣ 1። ተቀባዩ ሁሉንም ሲደምር 65535 ካገኘ ፓኬቱ ጤነኛ ነው። ደምሩትና እዩት።

ጽሑፍ ሲጨመርስ? እኔ «ጎንደር» የሚለውን ጫንኩበት። በፓይተን ርዝመቱን ስትጠይቁት 4 ይላል፤ ወደ ባይት ሲቀየር ግን 12 ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ድምሩ አሁን 271488 መጣ። ከ65535 በለጠ። እዚህ ላይ ነው ዘዴዋ፦ በ65536 ታካፍሉታላችሁ፣ 4 ደርሶ 9344 ይቀራል። ያንን 4 አትጥሉትም፣ መልሳችሁ ትደምሩታላችሁ። 9348። ከ65535 ስትቀንሱት 56187። ጨረሳችሁ።

ማታ ላይ ጨረስኩ። ወደ ራሴ ማሽን፣ ወደ 127.0.0.1 ላክሁ። ወዲያው ተመለሰ! መለያው 1636፣ ተራው 1፣ ጽሑፉ «ጎንደር»። ከወንበሬ ተነስቼ ጨፈርኩ ማለት ይቻላል።

ጠዋት ሆቴል ሄጄ ወደ ራውተሩ ላክሁ። ዝም። ወደ አክሰስ ፖይንቱ። ዝም። ወደ ስልኬ። ዝም። ፓኬቱ የውሃ ሽታ ሆነ። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ዝግጁው ፒንግ ግን ከዚያው ላፕቶፕ ወደዚያው ራውተር ይሠራል።

ሁለት ቀን ሙሉ ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። ገመድ ቀየርኩ። ያልተፈለገ ፓኬት የሚያግደውን ፋየርዎል አጠፋሁ። ራውተሩን ዳግም አስነሳሁ፤ በዚህ መሀል ዋይፋዩን ራሴ አጠፋሁባቸውና ጋሼ ሌላ ቅሬታ መዘገቡ።

ሦስተኛው ቀን ቲሲፒደምፕን ከፈትኩ። ይህ በማሽኑ የሚያልፈውን ፓኬት ሁሉ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በዝርዝር እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ፓኬቴ ስትወጣ አየኋት። አጠገቧ ላይ «ቼክሰሙ ስህተት ነው» ይላል። ሊሆን የሚገባውንም ቁጥር ጽፎልኛል። ሁለቱን ሳስተያያቸው ባይቶቹ አንድ ናቸው፣ ቦታ ተለዋውጠዋል። 219 እና 123 መሆን ሲገባው እኔ 123 እና 219 ልኬያለሁ።

ቃለ አጋኖዋ። ሁለት ጊዜ ነው ያሸግሁት፤ አንዴ ሙሉ ሄደሩን ቼክሰሙ 0 ሆኖ፣ ከዚያ ሒሳቡ ሲያልቅ ቼክሰሙን ብቻ፣ በቦታው ልተካው። በሁለተኛው ላይ ቃለ አጋኖዋን ረስቻታለሁ። እሷ ካለች ስትራክት ቁጥሩን በኔትወርክ ሥርዓት ያሽጋል፣ ትልቁ ባይት ፊት። ከሌለች ማሽኑ በለመደው ሥርዓት ያሽጋል፤ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ትንሹን ነው የሚያስቀድሙት። መለያውና ተራው በመጀመሪያው ስለታሸጉ ደህና ናቸው፤ የተገለበጠው ቼክሰሙ ብቻ ነው። ተቀባዩ ደግሞ ቼክሰሙን ይመረምራል። ስህተት ካገኘ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። «ፓኬትህ ተበላሽቷል» ብሎ አይነግራችሁም። ይህ የፕሮቶኮሉ ባህርይ ነው፤ የተበላሸ ፓኬት የላኪው አድራሻም ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ለማን ይመልሳል?

ታዲያ የዚያ ማታው ጭፈራስ? እሱ ነው የሚያናድደኝ። ሮው ሶኬት በሊነክስ ላይ ወደ ማሽኑ የሚገባውን አይሲኤምፒ ሁሉ ቅጂ ይሰጣችኋል፤ ቼክሰሙ ከመመርመሩም በፊት። ወደ ራሴ ማሽን በላክሁ ጊዜ የደረሰኝ መልስ አልነበረም። የራሴው ጥያቄ ነበር፣ ዞሮ የመጣ። መለያው የኔ ነው፣ ተራው የኔ ነው፣ ጽሑፉ የኔ ነው። ዓይነቱን ግን አላየሁም። 8 ነበር። በገዛ ድምፄ ነው የተደሰትኩት። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። የመጀመሪያ ሙከራችሁን ወደ 127.0.0.1 አትላኩ። ስትቀበሉ ደግሞ ከሁሉ በፊት ዓይነቱ 0 መሆኑን እዩ።

ቲሲፒደምፕን ወይም ዋየርሻርክን ከመጀመሪያው ደቂቃ ብከፍት ኖሮ ሁለቱ ቀናት ይተርፉኝ ነበር። አሁን ፓኬት የሚነካ ነገር ስጽፍ አንዱ መስኮት ሁልጊዜ ለእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ችግሮች ቀለል ያሉ ናቸው፤ ቢሆንም አንዳቸውም ማስጠንቀቂያ ሰጥተው አልመጡም።

ስትልኩ የአይፒውን ሄደር ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) ይሠራላችኋል። ስትቀበሉ ግን እሱም አብሮ ይመጣል። 8 ባይት ልካችሁ 28 ይደርሳችኋል። የአይፒ ሄደር ብዙውን ጊዜ 20 ባይት ነው፣ እስከ 60 ሊደርስ ግን ይችላል። 20 ብላችሁ በድፍረት አትቁረጡ። የመጀመሪያውን ባይት የታችኛውን ግማሽ ውሰዱና በ4 አባዙት፤ ትክክለኛው ርዝመት እሱ ነው። እግረ መንገዳችሁን ዘጠነኛውን ባይት ብታዩ ቲቲኤሉን፣ ፓኬቱ ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚወስነውን ቁጥር፣ ታገኙታላችሁ። ሊነክስ ብዙውን ጊዜ ከ64 ይጀምራል፣ ዊንዶውስ ከ128።

ጽሑፉን ከ«ጎንደር» ወደ «ሰላም» ስቀይረው ስክሪፕቱ ሞተ። ሦስት ፊደል፣ 9 ባይት። ጎዶሎ ቁጥር። ሁለት ሁለት እያደረግሁ ስደምር የመጨረሻው ባይት ጓደኛ አጣ። መፍትሔው ለሒሳቡ ብቻ መጨረሻው ላይ አንድ 0 ባይት መጨመር ነው። 

መለያ ቁጥሩን ከ1636 አንስቼ እንደ ደንቡ የፕሮሰሱን ቁጥር፣ ሊነክስ ለሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ የሚሰጠውን፣ አደረግሁት። ለሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ስክሪፕቱ ሲነሳ ይወድቃል። በ64 ቢት ሊነክስ የፕሮሰስ ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የመለያው ቦታ ግን 2 ባይት ነው፣ ከ65535 በላይ አይዝም። ላፕቶፑ እንደተነሳ ቁጥሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ አይታወቅም። የታችኛውን 16 ቢት ብቻ ቆርጣችሁ ውሰዱ።

ሦስቱን አድራሻዎች በሦስት የተለያዩ ስክሪፕቶች ነበር የምጠይቀው። ለሙከራ በየሰከንዱ አደረግኋቸው፣ መጠበቂያው 2 ሰከንድ። ከዚያ የአክሰስ ፖይንቱን ገመድ ነቀልኩ። የእሱ ስክሪፕት «ጠፋ» ብሎ መጻፍ ነበረበት። አልጻፈም፤ ተንጠልጥሎ ቀረ። ምክንያቱም የሌሎቹ ሁለት መልሶች ቅጂ ለእሱም ይደርሰዋል። የኔ አይደለም ብሎ ይጥለዋል፣ ግን የሌላ መልስ በደረሰው ቁጥር ታይምአውቱ፣ ማለትም የመጠበቂያው ጊዜ፣ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ መቼም አያልቅም። ማብቂያውን ሰዓት አንዴ ወስኑ። በሉፑ ውስጥ በእያንዳንዱ ዙር የቀረውን ብቻ አስሉና እሱን ለሶኬቱ ስጡት።

ሰዓት ካነሳን ሌላ አለ። መብራት ሲጠፋ አሮጌው ላፕቶፕ አብሮ ይጠፋል፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ ሰዓቱ ተዛብቶ ይነሳና ኢንተርኔት ሲያገኝ ይስተካከላል። በዚህ መሀል ያለች አንዲት ፒንግ «ከመነሳቷ በፊት ደረሰች» ተብላ ተመዘገበች። መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ ለመለካት የቀን መቁጠሪያውን ሰዓት አትጠቀሙ። ፓይተን ወደ ኋላ የማይሄድ ሰዓት አለው፣ ሞኖቶኒክ ይባላል። የቀን ሰዓቱን ለመዝገቡ ብቻ አስቀሩት።

አሁን ወደ ዝምታው ልመለስ። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር እሱ ሆኖ ቆይቷል። ፒንግ ስትሠሩ መልስ ማንበብ ቀላል ነው። ዝምታን ማንበብ ነው ከባዱ። የእንግዳ መቀበያው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ለምሳሌ አንድም ቀን መልሶልኝ አያውቅም። በርቶ፣ ልጅቷ እየጻፈችበት። ፋየርዎሉ ነው የፒንግ ጥያቄ የማያስገባው። ግን ከፒንጉ በኋላ የላፕቶፔን የጎረቤት ሠንጠረዥ፣ ኤአርፒ የሚባለውን፣ ባየው የኮምፒውተሩ ሃርድዌር አድራሻ ተመዝግቧል። በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ፋየርዎል ያለበት ማሽንም ቢሆን ለኤአርፒ ጥያቄ፣ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ለሚለው፣ ይመልሳል። አለ፣ ማውራት አይፈልግም ማለት ነው።

አክሰስ ፖይንቱ ጨርሶ ሲነቀል ደግሞ ዝምታ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ዓይነቱ 3፣ ኮዱ 1 የሆነ መልእክት ይመጣል፣ «ማሽኑ ሊደረስበት አልቻለም» የሚል። ላኪው የራሴው ላፕቶፕ ነው። ያ ዊንዶውስ እንደ መልስ ቆጥሮ ያሳሳተኝ መልእክት ማለት ነው። አትጣሉት፣ አንብቡት። በሆዱ ውስጥ የእናንተን የመጀመሪያ ፓኬት የአይፒ ሄደር እና ቢያንስ 8 ባይት ይዟል። ሄደሮቹ ባለ 20 ባይት ከሆኑ የራሳችሁን መለያ ቁጥር ከ52 ባይት በኋላ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የእናንተ ጥያቄ መሆኑን በእርግጠኝነት ታውቃላችሁ። እኔ መዝገቡ ላይ «መለሰ»፣ «የለም ተባለ» እና «ዝም» ብዬ ሦስት የተለያዩ ቃላት መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለጋሼ ያሳየኋቸውም እሱን ነው።

የውጭው አድራሻ ላይ ለመልስ የምትሰጡት ጊዜ እንደ ቤቱ አይሁን። የብርሃን ምልክት በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ከጎንደር አዲስ አበባ በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፋይበሩ መንገዱን ተከትሎ ቢሄድ እንኳ ለደርሶ መልስ ብቻ 7 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ በየጣቢያው የሚቆመውን ሳይጨምር። ባሕር ሲሻገር አስቡት። እኔ ለውጭው ከቤቱ ረዘም ያለ ጊዜ ሰጠሁ። ደግሞም የሰው አድራሻ ነውና በትንሹ ጠይቁ። በየ10 ሰከንዱ አንድ ይበቃል።

ሳምንት አስመዘገብኩ። መዝገቡን አትሜ ለጋሼ ሰጠኋቸው። የአክሰስ ፖይንቱ መጥፊያ በየቀኑ ማለት ይቻላል 10:05 አካባቢ ይጀምራል፣ ለ40 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ራውተሩም የውጭውም በዚያ ሰዓት ሰላም ናቸው። «የለም ተባለ፣ የለም ተባለ፣ የለም ተባለ» ብሎ ተደርድሯል። ጣቴን ከውጭ ሰበሰብኩ።

ጋሼ ወረቀቱን ይዘው የከሰዓት በኋላ ተረኞችን አንድ በአንድ ጠየቁ። 10 ሰዓት ላይ ሦስተኛ ፎቅ ማን ነበር? ምን ነካችሁ? ማንም የነካ የለም። ሁለት ቀን ንጹሐን ተፋጠጡ። ጥፋቱ የኔ ነው። ላፕቶፑ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 10:05 ማለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ5 ነው። ለጋሼ የሚሰጥ መዝገብ በእሳቸው ሰዓት መጻፍ ነበረበት። 6 ሰዓት መቀነስ፣ አንድ መስመር ኮድ። ለባይት ቅደም ተከተል ሁለት ቀን ስጨነቅ የሰዓቱን ረሳሁት።

በማግስቱ ጠዋት በ4 ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። አንሶላ የሚተኩሱት እናት ጠረጴዛቸውን ኮሪደሩ ላይ ዘርግተዋል። ካውያቸው ግድግዳው ላይ ባለው አንድ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ከሥሩ አክሰስ ፖይንቱ የሚገናኝበት ማከፋፈያ ከመብራት ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«እትዬ፣ ይቺን እርስዎ ነዎት የሚነቅሏት?»

«አዎ ልጄ፣ ስጨርስ እመልሳታለሁ እኮ። መብራቷን ለጌጥ የሰቀሏት መስሎኝ።»

ለካ እኔ ስደርስ ሁልጊዜ ጨርሰው ይሆናል። ጋሼ ለካውያው ሌላ መስመር አስጎተቱ። ለማከፋፈያው ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ተገዛ። በመዝገቡ ላይ ሦስት ሌሊቶች የውጭው አድራሻ ብቻ «ዝም» ያለባቸው ሰዓታትም ነበሩ። እነዚያን ለይቼ ሰጠኋቸው። ጋሼ አቅራቢው ጋ ደውለው በዚህ ጊዜ ሰዓቱን ከነደቂቃው አነበቡላቸው።

ስክሪፕቱን በኋላ አሻሽያለሁ። ሊነክስ ሩት ሳትሆኑ ፒንግ የምትልኩበት ሌላ የሶኬት ዓይነት አለው፣ ዳታግራም ሆኖ በአይሲኤምፒ የሚከፈት። ብዙ አዳዲስ የሊነክስ ዓይነቶች ላይ ክፍት ነው። መለያውን ከርነሉ ራሱ ይሰጣችኋል፣ ቼክሰሙንም ያሰላል፣ የሌሎችን መልስ አያመጣባችሁም፣ የአይፒውን ሄደርም አያሳያችሁም። ከላይ ያወራሁት ጣጣ ግማሹ የለም ማለት ነው። ሆቴሉ ውስጥ አሁን የሚሠራው በእሱ ነው። ለመማር ከሆነ ግን በሮው ሶኬት ጀምሩ። ቃለ አጋኖዋን ብትረሱ እንኳ ዳታግራሙ ያርምላችሁና መርሳታችሁን ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

የከተራ ዕለት ማታ ከቤቴ ሆኜ መዝገቡን ከፈትኩ። የአክሰስ ፖይንቱ መልስ በሌላው ቀን 2 ሚሊሰከንድ ነው። ያን ማታ 40 ገባ፣ አንዳንዴ 60። «ዝም» የሚል ግን የለም። ሦስተኛ ፎቅ ሙሉ ነው። የታቦቱን ቪዲዮ ወደየቤታቸው እየላኩ ነው።